ነዳጅ የማትበላ፣ ሲነዷትም የማታሰለች መኪና ፍለጋ

«እህቴ፣ ይቺ እኮ የሴት እጅ ናት። ነዳጅ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም።»

ደላላው ይህን ሲለኝ ከፊቱ የቆመችው ገዢ ራሷ ሴት መሆኗን ያሰበበት አልመሰለኝም። በመኪና ሽያጭ ቋንቋ «የሴት እጅ» ማለት ቀስ ተብሎ የተነዳ፣ ያልተንገላታ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ መንዳት አይሆንልኝም። እንዳትሳሳቱኝ፣ የፍጥነት ወሰን እጥሳለሁ ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የት አግኝቼ! ብቻ መኪና ስረግጣት እሺ እንድትለኝ፣ ሳዞራት ቶሎ እንድትዞርልኝ እፈልጋለሁ። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በማኑዋል ነው። ማርሽ መቀየር እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። ሰው ኳስ እንደሚወድ እኔ መንዳት እወዳለሁ።

ችግሩ ብር ነው። ቤቴ አያት፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ። ደርሶ መልሱ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሲመላለሱት 210 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሐምሌ 2014 ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። መኪና ፍለጋ የወጣሁት በጥር 2017 ነው፤ ያኔ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን እናንተም እየቀዳችሁ ስለሆነ አልነግራችሁም።

ጓደኞቼ «ወይ ቪትዝ ግዢና አርፈሽ ተቀመጪ፣ ወይ ነዳጅሽን እየከፈልሽ ተዝናኚ» አሉኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል ብሎ ያበረታታኝ ሰው አልነበረም። አራት ወር ፈጀብኝ እንጂ አግኝቻለሁ። በመሃል የሠራሁትን ስህተትም ሆነ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ እዚህ ከተማ መኪና ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስህተቱ። ከላይ ያልኳችሁ «የሴት እጅ» ነጭ ቪትዝ ነበረች። ኪሎ ሜትሯ 78,000 ይላል። ውስጧ ሽቶ ሸቶኛል፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሷል። ሌላ ገዢ ከሰዓት ሊመጣ ነው ተባልኩና 10,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። በነጋታው መካኒክ ይዤ ሄድኩ። የማውቃቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። በሩን ከፍተው ጎንበስ አሉና የፍሬኑን ፔዳል አሳዩኝ። ጎማው ተበልቶ እንደ ሳንቲም ለስልሷል። መሪው ላይ ሁለቱ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ያብረቀርቃል። «ልጄ፣ 78 ሺህ ሄዶ እንዲህ የሚሆን እግር የለም» አሉኝ። ኪሎ ሜትሩ ወደኋላ ተመልሷል። ቀብዴ እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ መካኒክ ሳያይ ሳንቲም አልከፈልኩም። የመቀመጫ ልብስ ያላት መኪና ሳይም መጀመሪያ ልብሱን ነው የምገልጠው።

ጋሼ በዚያችው መኪና ላይ ሌላ ነገር አስተማሩኝ። ጃፓን በግራ መስመር ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው። እኛ ጋ ከሚሄዱት ቪትዞች ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ፤ መሪያቸው ወደ ግራ የዞረው በኋላ ዱባይ ላይ ነው። ሥራው ጥሩ ከሆነ ምንም አይሉም። ካልሆነ መሪው ይላላል፣ ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ መታጠፊያ ላይ እጅ ላይ የሚሰማው ነገር ይጠፋል። ምልክቱ ቀላል ነው። የዝናብ መጥረጊያውን እዩ። ረጅሙ መጥረጊያ ከሾፌሩ ፊት መሆን ነበረበት። ከተሳፋሪው ፊት ከሆነ መሪው የዞረ ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ መብራት ላይ ስቆም የጎን መኪናዎችን መጥረጊያ እያየሁ ነው የማሳልፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመኪና ጉልበት በወረቀት ላይ አንድ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ተሰቅላለች። አየሩ ሳሳ ስላለ ሞተር የሚተነፍሰው ያንሳል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባለት መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል ይባላል። ስለዚህ እኛ ጋ ሲደርስ ሩብ ገደማው የለም። ባለ 1,000 ሲሲዋ ቪትዝ ፋብሪካ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት። እዚህ 54 ፈረስ ገደማ ነው የሚቀራት። አራት ሰው ጭናችሁ ሽቅብ ስትሉ ለምን እንደምትጮህ አሁን ገባችሁ? ጃፓን ውስጥ በሊትር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች የተባለውም ሮለር ላይ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ተለክቶ ነው። ያ ቁጥር የመገናኛን ሰልፍ አያውቀውም።

ስለዚህ በወረቀት መምረጡን ተውኩና ዳገት መረጥኩ። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ አናት። እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ። ሦስት መኪኖች ነዳሁበት፤ ሁሉንም ከነሙሉ ሰው።

የእህቴ ቪትዝ አንደኛ። ካምቢዮዋ ሲቪቲ ነው፤ ማለትም ማርሽ አይቀይርም፣ ቀበቶው የሚዞርባቸው መዘውሮች እየሰፉ እየጠበቡ ፍጥነቱን ያስተካክላሉ። ሜዳ ላይ ለነዳጅ ጥሩ ነው፤ ሞተሩን ሁልጊዜ በሚመቸው ዙር ያቆየዋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጧት ግን ድምፁ ይወጣል፣ መኪናዋ ባለችበት ናት። ወንድሜ ከኋላ ሆኖ «ወርደን እንግፋ?» አለ። መድረሱን ደርሳለች። ግን ከታች እስከ ላይ እኔ ምንም አልሠራሁም።

ሁለተኛዋ የጎረቤቴ ሱዙኪ ዲዛየር ናት። ሰው የሚያጓጉዝባት ስለሆነች ነዳጇን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በሊትር 15 ትሄድልኛለች አለኝ፤ አመንኩት፤ እያንዳንዷን ደረሰኝ ይይዛል። 1,200 ሲሲ ናት፣ ከ900 ኪሎ ግራም አትበልጥም፣ ጉልበቷ ለክብደቷ ይበቃታል። ወደድኳት ልል ስል ማርሽ ቀየረች። ካምቢዮዋ ማኑዋል ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ኮምፒውተር ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስታልፍ ትንሽ ታስባለች፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደፊት ነቀል ያደርጋል። ጎረቤቴ «ነዳጁን ትንሽ ልቀቂላት፣ ከዚያ ትቀይራለች» ብሎ አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ሲለማመዷት ይሻላል። ዳገት ላይ ስትነሱ ግን የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ትንሽ ወደኋላ ትላለች። በጀታችሁ ከፍ ካለ፣ የመንዳት ፍቅርም እንደ እኔ ካልሆነባችሁ፣ የምመክራችሁ እሷን ነው።

ሦስተኛዋ የገዛኋት ናት። ከአውሮፓ የመጣች የ2007 ሱዙኪ ስዊፍት፤ ሃንጋሪ የተሠራች፣ ስትወለድም መሪዋ በግራ። 1,300 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ። በወረቀት 92 ፈረስ ናት፤ እኛ ጋ 70 ገደማ እንበል። እንጦጦ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ያዝኩና ነዳጅ ሰጠኋት። ሄደች። መታጠፊያው ሲመጣ ቀዘቀዝኩ፣ ዞርኩ፣ እንደገና ሰጠኋት። ጎማዎቿ አራቱ ጥግ ላይ ስለሆኑ፣ ሰውነቷም አጭር ስለሆነ፣ እንደ ፍየል ነው የምትዞረው። ፈጣን አልነበርንም፤ 40 እና 50 ላይ ነው የነዳሁት። ግን ስወርድ ፊቴ ላይ ፈገግታ ነበር። ያየችኝ እህቴ «በቃ ገዝተሻታል» አለች።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው ብዬ የማምነው። የመንዳት ደስታ የሚመጣው ከትልቅ ሞተር ይመስለናል፤ ትልቅ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይበላል፤ ስለዚህ ሁለቱ አይገናኙም እንላለን። የቀለለች መኪና ግን ትንሽ ሞተር ይበቃታል። የቀለለች መኪና ፍሬን ላይም፣ መታጠፊያ ላይም ቀልጣፋ ናት። ሰልፍ ውስጥ ቆሞ መነሳት ነዳጅ የሚፈጀው ያንን ሁሉ ብረት ደጋግሞ ከቆመበት ማንቀሳቀስ ስለሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ደላላውን ስለ ሲሲ ብቻ አትጠይቁት። ሊብሬው ላይ ክብደቱን ፈልጉ።

ፍጆታ አለካክ ላይ ልሂድ። በዳሽቦርድ የሚታየውን ቁጥር ተዉት፤ የድሮ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የለም፣ ካለም ይዋሻል። አንድ ማደያ ምረጡ፣ አንዱን መቅጃ ምረጡ። እስኪቆርጥ ድረስ ሙሉ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። አንድ ሳምንት እንደወትሮው ንዱ። እዚያው ተመለሱ፣ እስኪቆርጥ ሙሉ፣ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። አንድ ሳምንት አይበቃም፤ እኔ አራት ሳምንት ነው ያደረግሁት። የነዳጅ ሰልፍ ባለበት ሳምንት ያገኛችሁትን ቁጥር ጣሉት፤ ሞተር አስነስታችሁ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ የሚወጣው ውጤት ስለ መኪናዋ አይናገርም።

የእህቴን ቪትዝ ተውሼ በዚሁ መንገድ ለክቻት ነበር። በሊትር 13። ስዊፍቷ 12.4 ሆነች። እንግዲህ እናስላ። በሳምንት 210 ኪሎ ሜትር ለቪትዝ 16.2 ሊትር፣ ለስዊፍት 16.9 ሊትር ይፈልጋል። ልዩነቱ አንድ ሊትር አይሞላም። ፍለጋ በወጣሁበት ጊዜ በነበረው ዋጋ 80 ብር ያህል። በሳምንት 80 ብር ለደስታዬ! አንድ ማኪያቶ ብተው ይካካሳል። የሥራ ባልደረባዬ ራቭፎር ደግሞ ከተማ ውስጥ በሊትር 8 ነው የምትሄድለት፤ በዚያው መንገድ ከእኔ በሳምንት ዘጠኝ ሊትር ይበልጣል። ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ነዳጅ የሚያማርረው እሱ ነው። በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ90 ተረጋግቼ ስነዳ ስዊፍቷ 17 አልፋለች፤ 110 ላይ ደግሞ 14 አካባቢ ትወርዳለች። ነፋስን መግፋት ቀልድ አይደለም።

ሁለት ነገር ካስተካከልኩ በኋላ ነው 12.4 ያገኘሁት። ስገዛት 17 ኢንች ቸርኬ ከሰፊ ጎማ ጋር ተገጥሞላት ነበር። ያምርባታል፣ አልዋሽም። ግን መሪው ከብዶ፣ ጉድጓድ ሁሉ ወገብ ላይ ይሰማል። ፋብሪካው የሰጣት 185/60 ባለ 15 ኢንች ነው። ያንኑ አስገጠምኩ። ጎሚስታው «ውበቷን አጠፋሽው» አለኝ። መኪናዋ ግን ነቃች፤ ከባድ ጫማ አውልቃ ሸራ ጫማ ያደረገች መሰለች። ሁለተኛው የጎማ ንፋስ ነው። ትክክለኛው መጠን የሾፌሩ በር ሲከፈት ከጎኑ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በየ15 ቀኑ አስለካለሁ፤ የጎደለ ጎማ ነዳጅም ይበላል፣ መታጠፊያም ላይ ያላዝናል። ባዶውን የሚዞር ፖርቶመጋላ ካላችሁም አውርዱት።

ስለ ፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ ቁልቁል ስለ መውረድ፣ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ከእንጦጦ ስወርድ አጎቴ ጎኔ ተቀምጦ «ፎሌ አድርጊያት፣ ነዳጅ ትቆጥቢያለሽ» ይለኛል። አጎቴ ያደገው በካርቡሬተር መኪና ነው፤ አልፈርድበትም። ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም ነዳጁን ኮምፒውተር የሚመጥንለት ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ፣ ቁልቁለቱ ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው፣ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋል። ፎሌ ሲሆን ሞተሩ እንዳይጠፋ የግድ ይቀዳል። በዚያ ላይ ፍሬን ብቻውን ይቀርና ይግላል። ስለዚህ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ እወርዳለሁ፤ ነዳጁም ይተርፋል፣ መኪናዋም እጄ ላይ ትሆናለች። አጎቴ እስካሁን አላመነኝም።

ጋሼም ስለ ፍጆታ ስጨቀጭቃቸው አንድ ቀን ሰልችቷቸው «አንቺ መኪናዋ ስንት ትበላለች ትያለሽ፤ እግርሽ ስንት እንደሚበላ ጠይቂ» አሉኝ። ልክ ናቸው። አንድ ሳምንት በንዴት ነድቼ 10.8 አግኝቻለሁ። ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ የነበረበት ሳምንት ነው።

ስዊፍቷ እንከን የላትም አልልም። የኋላ ወንበሯ ለረጅም ሰው ግፍ ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ አንድ ኩንታል ጤፍ ከገባበት ሌላ አይገባም። ከመሬት ቅርብ ስለሆነች ኮብልስቶን ያልደረሰው ሰፈር ስገባ ሆዷን እያሰብኩ ነው። መለዋወጫዋ እንደ ቶዮታ በየሱቁ አይደለም፤ የፊት መብራት ፈልጌ ሦስት ቀን ሶማሌ ተራ ተመላልሻለሁ። መልሶ መሸጥም አለ። እኛ አገር መኪና የብር ማስቀመጫ ነው፤ ቪትዝ በሁለት ቀን ይሸጣል፣ ማኑዋል ስዊፍት ግን የሚወዳትን ሰው እስክታገኝ ትቆያለች። ይህ ግን ለገዢ ጥሩ ነው። ርካሽ ያገኘኋት ማንም ስላልፈለጋት ነው።

ሃይብሪድም፣ ማለትም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና፣ አስቤ ነበር። ለአዲስ አበባ ሰልፍ የሚስማማ ነገር ነው፤ ፍሬን ስትይዙ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል። ያገለገለ ሲሆን ግን የባትሪውን ጤና መርምሮ የሚነግረኝ ባለሙያ በአካባቢዬ አላገኘሁም። ቀብዴን ካጣሁ በኋላ በጭፍን መግዛት አልተመኘሁም።

ኤሌክትሪክ መኪና ለምን አልገዛሽም የሚለኝ ብዙ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል፤ መንገዱም በየሳምንቱ እየተለወጠ ነው። ባለፈው ወር ጓደኛዬ ትንሿን ቢዋይዲ ሲጋል ገዛችና ቁልፉን ወረወረችልኝ። ወዴት እንደወሰድኳት ገምቱ። እንጦጦ ነዋ!

በወረቀት 75 ፈረስ ናት፤ ከእኔ ስዊፍት ታንሳለች። ክብደቷም 1.2 ቶን ገደማ ነው። ግን ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ባሕር ዳርቻ ላይ 75 ፈረስ ከሆነ፣ 3,000 ሜትር ላይም 75 ነው። የእኔዋ እዚያ ከፍታ ላይ 64 ላይ ነው የምትወርደው። ስረግጣት ማርሽ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ብቻ ዳገቱ ሜዳ ሆነ። ባትሪው ወለሏ ላይ ስለተነጠፈ መታጠፊያ ላይ አትወዛወዝም። ስንወርድ ደግሞ እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ባትሪዋን እየሞላች ወረደች። ጓደኛዬ «አሁንስ ማርሽሽ ይናፍቅሻል?» አለችኝ። ትንሽ ይናፍቃል አልኳት። ትንሽ ነው ግን፤ መዋሸት አልችልም። ልብ ብዬ ካየሁት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያገለገሉት ሲረክሱ፣ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ አልባና አዝናኝ የምትሆነው እንዲህ ያለችዋ ናት።

አሁን ያልገዛሁበት ምክንያት ተራ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። መኪናዬን የማቆመው ግቢ ውስጥ፣ ከሕንፃው 50 ሜትር ርቄ ነው። ከመስኮቴ ገመድ ላውርድ? ለብሎካችን ኮሚቴ የቻርጅ ቦታ ይሠራልን ብዬ አመልክቻለሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ኮሚቴው ግን ገና የውኃ ፓምፑን ጉዳይ አልጨረሰም። ፓምፑ ከተበላሸ ስምንት ወሩ ነው።